የሼኹ ቃል ፈቺ

ሼኽ ሀቢቡላህ ጤነኛ ሳሉ ንግግራቸው ለማንም የሚገባ ነበር፤ ደጃቸው ያን ያህል የማይጨናነቀውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ከሚስቱ የተጣላ መጥቶ እግራቸው ሥር ሲንበረከክ «ተነስ፣ ሂድና ታረቃት፤ ጥፋቱ ያንተ ነው» ይሉታል። ሆዱን የሚቆርጠው ሲመጣ «ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ፣ አንተ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂድ» ይሉታል። ሰውየው እጃቸውን ስሞ ይወጣል፤ በሩን ሲሻገር ግን ቅር እንዳለው ፊቱ ያሳብቅበታል። ይህንንማ ከጎረቤቱስ መች አጣው? ከጅማ እስከ አጋሮ በሚኒባስ ታጭቆ፣ ከአጋሮ ወዲያ ደግሞ በሞተር ሳይክል አቧራ ቅሞ የመጣው ምስጢር ሊሰማ እንጂ ምክር ሊሰማ አልነበረም።

ምስጢሩ የመጣው የሼኹ አእምሮ መሄድ ሲጀምር ነው።

ይህን መጀመሪያ ያየው ኢስሃቅ ነበር። ኢስሃቅ በጉርምስናው ቁርኣን ሊቀራ መጥቶ እዚያው የቀረ የሼኹ ኻዲም ነው፤ የውዱ ውሃቸውን የሚያቀርብ፣ ኪታብ የሚያነብላቸው፣ እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ። ሚስቱን ነጅላን ያገባው በሼኹ ምርጫ፣ ልጁን ሲሃም ብሎ የጠራት በሼኹ ቃል፣ ሁለት ክፍል ቤቱን የሠራው በሼኹ ግቢ ውስጥ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው። ጫማ ሲገዛ እንኳ ቀለሙን ሳይጠይቃቸው አይገዛም ብለው የሚያሙት ነበሩ። ሐሜት ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

ሼኹ ይህን ነገሩን አልወደዱለትም። ከዓመታት በፊት፣ ሙሉ ሰው ሳሉ፣ በሰው ፊት ኢጃዛ ሰጡት። ኢጃዛ ማለት ተማሪ የነበረው ከእንግዲህ ራሱ ያስተምር፣ በራሱ ይቁም የሚል የመምህር ፈቃድ ነው።

«ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ቤት ተከራይና ልጆች አስቀራ» አሉት። «እኔ የማውቀውን አንተም ታውቃለህ። የቀረህ ያለኔ መቆም ብቻ ነው።»

ኢስሃቅ እግራቸው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ከእግርዎ ሥር አይንቀሉኝ! እኔ ያለ እርስዎ ማን ነኝ?» አላቸው። ሼኹ «ምርኩዝ እኮ እግር ላለው ሰው ነው ልጄ» ብለው ተነስተው ገቡ። የተሰበሰበው ሕዝብ ግን በኢስሃቅ ተደነቀ። ሙሪድ፣ የሼኽ ተከታይ፣ ማለት እንዲህ ነው ተባለለት፤ በአጣቢ እጅ እንዳለ ጀናዛ፣ ወዲህ ሲያገላብጡት ወዲህ፣ ወዲያ ሲያገላብጡት ወዲያ። ሰው ሬሳ በመምሰሉ የሚመሰገንበት ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ።

እና ይህ ሰው ነው የመምህሩን መርሳት መጀመሪያ ያየው። ሼኹ ዱሁርን ሰግደው መስገጃው ሳይታጠፍ «ዱሁር ደረሰ?» ይላሉ። ውዱ አድርገው እጃቸው ሳይደርቅ ውሃ ያዛሉ። ኢስሃቅን ድሮ በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ኢስሃቅ እርጅና ነው እያለ ይሸፍንላቸው ጀመር። ይህን ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ያንን ልንነፍገው አይገባም።

አንድ ሐሙስ ግን መሸፈን የማይቻል ነገር መጣ። ከሀድራው፣ ከዱዓና መንዙማው ስብስብ፣ በኋላ የሄርማታው ጨርቅ ነጋዴ ቲጃኒ ወደ ሼኹ ቀረበ። ከወንድሜ ጋር በሽርክና ሱቅ ልክፈት ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄው። ሼኹ መስበሃቸውን እየቆጠሩ ቆዩና ቀና ብለው «ጥጃውን ማን ለቀቀው?» አሉ።

ቲጃኒ ግራ ገብቶት ወደ ኢስሃቅ ዞረ። እሱን ተከትሎ ቤት ሙሉ ሰው ወደ ኢስሃቅ ዞረ። መምህሩ በሰው ፊት ሊዋረዱ ነው። ምን እንደሚል ሳያውቅ አፉን ከፈተ።

«ሼኻችን የሚሉህ» አለ፣ «ጥጃ ከተለቀቀ ጠዋት ወተት የለም። ሱቁን ክፈት፤ ግን ወንድሜ ነው ብለህ ነገሩን እንዲሁ አትልቀቀው፤ ሽማግሌ ባለበት በውል እሰረው።»

«አላሁ አክበር!» አለ ቲጃኒ ጭኑን መትቶ። «ወላሂ በልቤ የነበረውን ነው ያወጡት!»

ሱቁ ቀናው። ወሬው ከሄርማታ ተነስቶ መንደራ ቆጪን አዳርሶ ሰቶ ሰመሮ ገባ። ሼኽ ሀቢቡላህ በምስጢር ጠልቀዋል፣ ከእንግዲህ ቃላቸው ፍቺ ይፈልጋል ተባለ። «ሐኪም ቤት ሂድ» ሲሉ ሰሚ ያልነበራቸው ሽማግሌ «አህያዋ ጨው ላሰች» ማለት ሲጀምሩ ሚኒባስ በኮንትራት ተይዞ ይመጣላቸው ጀመር። ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ፈተና የደረሰበት የኮሌጅ ተማሪም ይመጣል። የሚገባውን ነገር ንቆ የማይገባውን የሚያከብር ፍጡር ከሰው ሌላ አላየሁም።

ኢስሃቅም ይፈታል። ሼኹ ይናገራሉ፣ ሰው ወደ ኢስሃቅ ይዞራል፣ ኢስሃቅ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይፈታል። መናገር ያለበት ይነገራል፦ የተጣላ አስታረቀ፣ ልጁን ሊያባርር የነበረውን አባት መለሰ፣ መሬቱን በርካሽ ሊሸጥ የነበረውን ገበሬ አስጣለው። ከፈታው ሁሉ ለሰው ክፉ የሆነ ነገር አልወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ኪታብ ሲያነብና የሰው ችግር ሲሰማ የኖረ ሰው ማስተዋል ባያጣ አያስገርምም። ችግሩ እሱ ይህን ስለ ራሱ ማመን አለመቻሉ ነው። ከሼኹ ልብ ወደ ልቤ የሚፈስ ነው እያለ ራሱን አሳመነ። ሼኹ ምንጭ ናቸው፣ እኔ ቦይ ነኝ አለ። ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል፤ ቦዩ ግን ውሃ ሞልቶ ይፈሳል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጅላ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች።

ነጅላ ቀልድ የምትወድ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። ለባሏ ከመንገሯ በፊት ጅማ ለምትማረው ልጇ ለሲሃም ደወለች። ሲሃም መንደራ ቆጪ ከተከራየችበት ክፍል መጥታ እናቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ተመረመረች፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። ክፉው በሽታ ነው፤ ግን ገና ትንሽ ነው፣ የትም አልሄደም። ሐኪሙ እጇን ይዞ በጊዜ መጥተሻል፣ አሁኑኑ እናውጣው አላት። ነጅላ ወደ ቤት ስትመለስ ፈርታ ነበር፤ ቢሆንም ተስፋዋ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

ባሏን ቁጭ አድርጋ ሁሉን ነገረችውና «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«ሼኹን እንጠይቃለን» አለ ኢስሃቅ።

«ኤዬ፣ እንጠይቃለን። እኔ ግን አሁን አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔ ማን ሆኜ እወስናለሁ?»

«ለጅማ ሰው ሁሉ ትወስን የለም እንዴ?» አለችው ፈገግ ብላ።

«እሱ የኔ አይደለም፤ የእሳቸው ነው» አላት። ፈገግታዋን አልመለሰላትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ሄዱ። ሼኹ ግቢው መሐል ካለው ዋንዛ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአጥሩ ወዲያ ቡናው ፍሬውን ይዟል፣ ገና አረንጓዴ ነው። ኢስሃቅ ተንበርክኮ የነጅላን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እናስወጣው ወይስ እንቆይ? ምን ያዙናል?» አላቸው። ሼኹ እሱን አላዩትም። ቡናውን ነው የሚያዩት። ድንገት ፊታቸው ተቆጣ።

«ማን ላካችሁ?» አሉ። «ገና ጥሬ ነው፣ አትልቀሙ! ቅርንጫፉን ትሰብሩብኛላችሁ። እጃችሁን ሰብስቡ! ሲቀላ እኔ ራሴ እጠራችኋለሁ።»

ነጅላ አዘነችላቸው። «ምስኪን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ቡና ይጠብቁ አልነበር? እሱ ትዝ ብሏቸው ነው።» ከዚያ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «በል እንጂ ኢስሃቅ፣ ፍታልኝ።»

ቀላል ነገር ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትንፋሽ ሳይወስድ ይፈታው ነበር። የነጅላ ዓይን ተስፋ አድርጎ ያየዋል፤ የሚለውንም ታውቀዋለች፤ ከአፉ እስኪወጣ ብቻ ነው የምትጠብቀው። ኢስሃቅ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼን አልፈታም። የራሴ ጉዳይ ነው። ነፍሴ አለችበት።»

ኪታቡ ላይ የተማረው እንዲህ ነው፦ የሰው ጠላቱ ነፍሱ ናት፤ የምትወደውን ነገር እውነት አስመስላ ታቀርብለታለች። ለባዕድ ሲፈታ ምኞት የለበትም፣ ስለዚህ ከሼኹ መምጣቱን ያምናል። ለነጅላ ሲፈታ ግን እንድትድንለት ይፈልጋል። ስለሚፈልግም የሚሰማው ፍቺ ሁሉ የምኞቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በራሱ ጉዳይ ቃሉን እንደ ወረደ መቀበል አለበት። ሼኹ አትልቀሙ ብለዋል፤ አይነካም። ሲቀላ እጠራችኋለሁ ብለዋል፤ ይጠበቃል። ከዚህ በላይ የጠራ ሐሳብ፣ ከዚህ በላይም የከፋ ስሕተት እሱን ከመሰለ ደግ ሰው ካልሆነ ከማንም አይመጣም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እሷ እንኳ ሞኝ ስለሆነች ነው፤ ኢስሃቅ ግን እያረረ መሆኑ እየሸተተው፣ ማማሰል ድፍረት ይሆንብኛል ብሎ ነው እጁን የሰበሰበው።

ሲሃም ይህን ስትሰማ ትምህርቷን ጥላ መጣች። አባቷን ከደጅ አገኘችው።

«አባ፣ ሼኹ ታመዋል እኮ። ይኼ የመርሳት በሽታ ነው። ምኑም ምስጢር አይደለም።»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

«አንተም ታውቃለህ! ባታውቅ ለሰው ሁሉ ስትፈታላቸው አትውልም ነበር። ሰው በጤናው ሲናገር ፈቺ ያስፈልገዋል?»

ኢስሃቅ ዙሪያውን አየ፤ የሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ ድምፁ ወደ ልመና ተለወጠ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ማሎ። ለሰው ስፈታ ነፍሴ የለችበትም። ለእናትሽ ግን ሂጂ፣ ትድኛለሽ ልላት ነው የምመኘው። ምኞቴን የሼኹ ቃል ነው ብዬ ልዋሽ?»

«የሼኹ ነው አትበላ! የኔ ነው በላት! እማዬ እንድትድን መመኘት ምኑ ነው ወንጀሉ?»

የኢስሃቅ ዓይን እንባ ሞላ፤ ገብቶ ቁርኣን ከፈተ። ሲሃም ወደ እናቷ ሄዳ «ተነሺ፣ እኔና አንቺ እንሂድ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም» አለቻት። ነጅላ የልጇን ፀጉር ዳበሰች።

«አባትሽ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከራሱ አፍ ሂጂ ይበለኝ» አለች በመጨረሻ። «በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። ስንጋባ ወደድኩሽ አላለኝም ሲሃሜ፤ ሼኹ መረጡልኝ ነው ያለኝ። ስትወለጂም ደስ አለኝ አላለም፤ ሼኹ ደስ አላቸው አለኝ። አሁንስ? አሁን እንኳ?»

እሷም ግትር ነበረች፤ አያዋጣም። የሞት ጉዳይ ላይ የባልን ፍቅር መፈተን ጅልነት ነው ይባል ይሆናል፤ እኔም እላለሁ። ግን ሰው ሲራብ የሚበላውን አይመርጥም፤ ነጅላ ደግሞ ያንን ቃል ከተራበች ዕድሜዋ ነው። ሲሃም ለምናም ተቆጥታም አልሆነላትም፤ እያለቀሰች ወደ ጅማ ተመለሰች።

ቡናው መቅላት ጀመረ። ኢስሃቅ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ሄዶ ፍሬውን ያያል፣ ከዚያ መጥቶ ሼኹ ፊት ይቀመጣል፣ ጥሪውን ይጠብቃል። ሼኹ «እናቴ ከገበያ መጣች?» ይሉታል። አንዳንድ ቀን ገና ጥሬ ነው ብለው ይቆጡታል፤ ቡናው ግን ደም መስሏል። ለቃሚዎች መጡ። ግቢው ሰው በሰው ሆነ፣ ዘፈኑና ጨዋታው ደመቀ። ፍሬው ወርዶ ከማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጣ፣ ተገላበጠ፣ ደረቀ። የጠራ ሰው የለም። ነጅላ በግራ እጇ ባልዲ ማንሳት አቃታት፤ ከዚያ ሻሿን ማሰር አቃታት። ኢስሃቅ ያያል። ማታ ማታ ስትቃትት ይሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዱዓ ያደርጋል። ለሌሎች ግን መፍታቱን አላቋረጠም። እንዲያውም እንደዚያ ሰሞን አሳምሮ ፈትቶ አያውቅም ይባላል።

ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሞላ ሳለ ሼኹ ከዋንዛው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ነጅላ ክንዷን ደግፋ በግቢው አቋርጣ ሄደች። ሼኹ በዓይናቸው ተከተሏት።

«ኢስሃቅ» አሉ።

ኢስሃቅ ደነገጠ። በስሙ ከጠሩት ቆይተዋል። ዓይናቸው ጠርቷል፤ የድሮው ሰውዬ ከሩቅ አገር ተመልሰው መጥተው የተቀመጡ ይመስላሉ።

«ነጅላ ምን ሆና ነው እንዲህ ያለቀችው?»

«ሼኻችን... ያ ጡቷ ላይ የወጣው ነው። ሲቀላ እጠራችኋለሁ ብለውን እየጠበቅን ነው።»

«ምኑ ሲቀላ?»

ሼኹ የኢስሃቅን ፊት መረመሩ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ልጄ፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ይኼን የምትጠይቀው እኔን ነው? አንተ የት ሄደህ ነው?» አሉት። ቆጣ ብለው ነበር፤ ከዚያ ቁጣው ከፊታቸው ቀስ እያለ ጠፋ፤ መስበሃቸውን ፈልገው አነሱና «ዱሁር ደረሰ?» አሉ።

ኢስሃቅ ግን ተነስቶ ሮጧል። ፈቃድ ተገኘ! ነጅላን ክንዷን ይዞ እየጎተተ፣ «ተነሺ፣ ሼኹ ሂዱ ብለዋል፣ በግልጽ ነው ያሉት!» እያለ በደስታ ያለቅሳል። ነጅላ ጫማዋን አድርጋ ተከተለችው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያ ሐኪም የድሮውን ውጤትና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ወደ ጉበቷም ወደ አጥንቷም ሄዷል። ለኢስሃቅ ብቻ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለው። ወቀሳ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ኢስሃቅ የት እንደነበረ አላወቀም። አሁን ቢላዋ አይረዳትም፤ ሕመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት ተሰጣትና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አልጋዋ ግድግዳው ሥር ተዘረጋ፤ ከግድግዳው ወዲያ እንግዳ መቀበያው ነው። ሲሃም ታስታምማታለች። ሼኹ ከዚያች ቀን በኋላ ተመልሰው አልመጡም፤ አካላቸው አለ፣ ሰውም እንደ ጉድ ይመጣል፤ በየቀኑ የሚሉት አንድ የቡና ነገር ብቻ ሆኗል። ኢስሃቅ ልቤ ተሰብሯል፣ ከእንግዲህ አልፈታም ብሎ ነበር። ከሩቅ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ሲያለቅስ ግን አልቻለም።

ከሰቶ ሰመሮ ቆንጂት የምትባል ሴት መጣች። መስቀል አንገቷ ላይ ታስሯል፤ ከመስቀሉ ከፍ ብሎ አንገቷ ጎን ላይ እብጠት አለ። ቢላዋ ፈርታለች። ሐኪሞቹ ይውጣ ብለዋል፣ ጎረቤቶቿ ከተነካ ይገድላል ብለዋታል፣ እሷ መሐል ቤት ቆማ ቀርታለች። «አባቴ፣ የእርስዎን ቃል ካልሰማሁ አልነሳም» አለቻቸው። ሼኹ ከመስኮቱ ወዲያ ወዳለው ቡና አዩ።

«ማን ላካችሁ? ገና ጥሬ ነው፣ አትልቀሙ! ሲቀላ እኔ ራሴ እጠራችኋለሁ።»

ሴትዮዋ ወደ ኢስሃቅ ዞረች። ኢስሃቅ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ሼኻችን የሚሉሽ» አለ፣ «ይኼ ነገር ገና ጥሬ ነው። ጥሬ ሳለ፣ ሳይበስል፣ የሚያውቀው እጅ ያውጣው። አትልቀሙ ያሉት ሌላውን ነው፤ ጎረቤት አይነካካው፣ የባህል ሐኪም አይነካካው። ከቀላ ቀረ፤ ያኔ የሚጠራሽ ሐኪም አይደለም፣ ፈጣሪ ነው። እህቴ፣ ዛሬ ነገ አትበዪ። ከዚህ ወጥተሽ ቤትሽ እንኳ አትግቢ፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። ሂጂ! ትድኛለሽ፣ ሂጂ!»

ቆንጂት የሼኹን ጉልበት ሳመች፣ የኢስሃቅን እጅ ሳመች፣ እያለቀሰችና እያመሰገነች ወጣች። ከመስኮቱ በኩል ባጃጅ ስትጣራ ተሰማች። ኢስሃቅ ያኔ ነው ከግድግዳው ወዲያ ስሙ ሲጠራ የሰማው። ድምፁ ደካማ ነበር።

ገባ። ሲሃም ከእናቷ ራስጌ ተቀምጣለች፣ ቀና ብላ አላየችውም። ነጅላ ትራሷ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር፤ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«እንዲህም ይፈታል ለካ» አለችው።

ኢስሃቅ ከአልጋው ሥር በጉልበቱ ወደቀ። እጇን ይዞ ሊስም ሲሞክር ያበጠው እጇ ነበር፤ አመማትና ለቀቀው።

«ፈራሁ ነጅላ» አለ። «እኔ የወሰንኩት እንዳይሆን ፈራሁ። ስሕተት ቢሆን የኔ እንዳይሆን ፈራሁ።»

ነጅላ ረጅም ጊዜ አየችው። ሕፃን ልጅ ለምን እንደሚያለቅስ ሲጠፋን እንደምናየው ነው ያየችው።

«ታዲያ አሁን የማን ሆነ?» አለችው።

ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሞልቷል። ሼኹ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ የማያውቁት ሰው ድምፅ በሩ ላይ መጣ። «ሼኻችን ተናግረዋል» አለ ድምፁ፣ «ኢስሃቅን ጥሩልን።»

ኢስሃቅ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ተነሳና ሄደ።